በሞቴ ያልተባለበት ጥላ

ኪሩቤል ልጅ ሳለ ከበር ኋላ ሆኖ የሰማው አንድ ንግግር አለ። ሙሉውን አያስታውሰውም። ቀትር ነበር፤ አባቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከበረንዳው ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ፣ አንዲት ሴት ቆማለች። ከሰል ሻጭ ትሁን የሩቅ ዘመድ፣ ያም ጠፍቶበታል።

«ግቢ እንጂ፣ እዚህ ጥላ አለ።»

«ኧረ እዚሁ ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

«ምን እዚሁ ይሻለኛል ትያለሽ! ግቢ።»

«አይ፣ መንገዴ ስለሆነ ነው። ደህና ነኝ።»

«በሞቴ!»

ያን ጊዜ ገባች። ግድግዳውን ተደግፋ ስትቀመጥ ያወጣችው ትንፋሽ እስከ በሩ ኋላ ድረስ ተሰማው። ውሃ ጠጥታ፣ መርቃ ከሄደች በኋላ እናቱ ከውስጥ «ካላስለመነች አይሆንላትም?» ብላ ሳቀች፤ አባቱም አንድ ነገር መለሱላት። ያ መልስ ነው የጠፋው። የአባቱ ድምፅ አለ፣ ጉሮሯቸውን የጠረጉበት እንኳ አለ፤ ቃሉ ግን የለም። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ኪሩቤል ያንን ባዶ ቦታ እንደየቀኑ ስሜቱ ሲሞላው ራሱን እየያዘ ያፍር ነበር። ለራሱ ማዳላት ሲፈልግ አባቱ «ካልፈለገችማ ምን ይደረጋል» ያሉ ይመስለዋል። ልቡ ሲወቅሰው ደግሞ ሌላ ያሉ ይመስለዋል።

አሁን እሱ ራሱ አያት ሆኗል። የሚኖረው ቆላ ጣቢያ በምትባለው የሐዲድ ከተማ ነው፤ ሥራው ሸራ መጠገን ነው። በቆላ ጣቢያ ሰው የሚሠራው ጎህ ሳይቀድ ነው። ገበያው በመብራት ይቆማል፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በጨለማ፣ ቅዳሴውም አዛኑም አልቆ ሰው ወደየቤቱ የሚመለሰው ሰማዩ ገና ሳይቀላ ነው። ፀሐይ ከጣቢያው ጣሪያ ከፍ ስትል ደወል ይደወላል፣ በር ይዘጋል። ከዚያ እስከ ምሽት ያለው ጊዜ መዝጊያ ይባላል። በመዝጊያ መንገድ ላይ የታየ ሰው ካለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ቀዳዳ እያየ «ምን ሆነው ነው?» ይባባላል።

ሲመሽ በሮች ይከፈታሉ። ሰው ወደ ጎረቤቱ ይሄድና መዳፉን በምዕራቡ ግድግዳ ላይ አሳርፎ «ግድግዳ እንዴት ዋለ?» ይላል። የአገሩ ሰላምታ ይህ ነው። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ወይም «አልሐምዱሊላህ»፤ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ግሎም ቢሆን መልሱ አይለወጥም። የምዕራብ ግድግዳ ከሰዓቱን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውስጥ ስለሚመልሰው፣ ቤት ሊቀዘቅዝ የሚችለው ከሞቀ በኋላ በማራገብ ሳይሆን ፀሐይ ግድግዳውን እንዳታገኘው በማድረግ እንደሆነ በቆላ ጣቢያ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ለዚህ ነው ከተማዋ በየሁለት ቤቱ መሃል አንድ ረጅም ምሰሶ ያቆመችው። በምሰሶው ላይ አመድማ፣ ሰፊ ሸራ አለ፤ ሰዉ ክንፍ ይለዋል። ክንፉ ከቀትር በኋላ ከሁለቱ አንዱን ቤት ያለብሳል። ሁለቱን አያዳርስም። በበጋው መግቢያ ወዳዘነበለበት ቤት እንዳዘነበለ በጋው ያልቃል።

ወደ የትኛው ቤት እንደሚያዘነብል የምትጠይቀው ድምፅ ናት። በየበሩ ላይ ካለው ወንፊት መሳይ ነገር ትናገራለች። ስሟን ማንም ስለማያውቅ ከተማው «ወይዘሪት» ይላታል። ትሕትናዋ የተሟላ ነው። ሁሉንም አንቱ ትላለች፣ ሐዘን የደረሰበትን ታጽናናለች፣ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም በዓል አትረሳም። አንድ ነገር ብቻ ያስተማራት የለም፤ የምትጠይቀው አንዴ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ከተማው ጉድ ሆኖ ነበር። ወይዘሪት «የከሰዓት ጥላ ይወስዳሉ?» ስትል፣ ጨዋ የሆነ ሰው ሁሉ «ኧረ ግድ የለም፣ ለሌላ ስጪው» አለ። ወይዘሪትም «እናመሰግናለን» ብላ ሄደች። አንድ ሐጂ ወንበር በር ላይ አውጥተው «ትመለሳለች፣ ደግማ ትጠይቀኛለች» እያሉ እስከ በጋው መጨረሻ ድረስ ጠበቁ ይባላል። ያን ዓመት የተጋገረው ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወጣቶቹ መላ አገኙ። ምንም ነገር ሲጠየቁ ገና ጥያቄው ሳያልቅ «እሺ» ይላሉ፤ ሰው ቤት ማዕድ ሲቀርብላቸው እንኳ እንዲያው ነው። ትልልቆቹ ግን አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። ስለዚህ ጎረቤት ነገሩን ተሸከመው። ወይዘሪት እምቢታ ስትሰማ ሐሳብ ለመቀየር ጥቂት ፋታ ትሰጣለች፤ በዚያች ፋታ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ «በሞቴ! እሺ በይ!» ብሎ ይጮኻል፤ የተጠየቀችውም «እሺ፣ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ትላለች። ሥርዓት ሆነ። የበጋ መግቢያ ጠዋት በቆላ ጣቢያ መንደር ለመንደር «በሞቴ! በሞቴ!» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ እንግዳ ሰው ቢሰማው ጠብ የተነሳ ይመስለዋል።

ዘንድሮ ቀድሞ የመጠየቁ ተራ የኪሩቤል ጎረቤት የእማማ ኢክራም ነበር።

እማማ ኢክራም ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጣቢያው ላይ የባቡሮቹን መምጫና መሄጃ የሚናገረው ድምፅ ለብዙ ዘመን የእሳቸው ነበር። ወይዘሪት መጥታ ጣቢያውንም ስትይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። «ሥራዬን ቀምታኝ ሳታበቃ ደግሞ በራፌ ድረስ መጥታ ታስለምነኛለች፣ ይቺ ልጅ!» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁታል። ተራቸው በደረሰባቸው ዓመታት ሁሉ እሳቸው «ኧረ ግድ የለም» ይላሉ፣ ኪሩቤል «በሞቴ!» ይላል፣ ክንፉም ወደ እሳቸው ያዘነብላል። አንድም ጊዜ ተዛንፎ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን በኪሩቤል ቤት አራስ አለች። ልጁ ማኅደር ለመውለድ ወደ ወላጆቿ ቤት መጥታ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አዋላጇ ልጁን አገላብጣ ካየች በኋላ ኪሩቤልን ወደ ጎን ጠርታ «ይህ ክፍል ከሞቀ ልጁ አይችልም» ብላው ሄዳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዳፉ ከምዕራቡ ግድግዳ አልተለየም።

በዚያ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ አጥሩ ጥግ እጁን ሲታጠብ ወይዘሪት ከማዶ ስትናገር ሰማ።

«ደህና አደሩ፣ እማማ ኢክራም። የዘንድሮውን የከሰዓት ጥላ ይወስዳሉ?»

«ኧረ ግድ የለም፣ ልጄ። ለኪሩቤል ስጪው፣ አራስ አለበት።»

«ሐሳብዎን ለመቀየር ጥቂት ጊዜ አለዎት።»

ፋታው መጣ። ኪሩቤል አየር ሳበ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ ደርሶ፣ ተዘጋጅቶ። ከውስጥ ሕፃኑ አንዴ አልቀስ አለና ዝም አለ። ኪሩቤል የሳበው አየር ጉሮሮው ላይ ያዘውና ሳለ። ከማዶ ምንም አልተሰማም። እማማ ኢክራም መጥረጊያቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። እሱም ዝም አለ። ውሃው በጣቶቹ መሃል ሲንጠባጠብ መሬቱ ወዲያው ወዲያው ይጠጣው ነበር።

«እናመሰግናለን። መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለች ወይዘሪት ከማዶ። ከጥቂት በኋላ በራሱ በር ላይ መጣች። «ደህና አደሩ፣ አቶ ኪሩቤል። የዘንድሮውን የከሰዓት ጥላ ይወስዳሉ?»

ዝም አለ።

«ዝምታዎን እንደ እሺታ ተቀብያለሁ።»

ክንፉ ሲጢጥ ብሎ ወደ እሱ ቤት አዘነበለ። የምሰሶውን መጋጠሚያ ባለፈው በጋ ራሱ ነበር ቅባት የቀባው።

ሚስቱ ሶልያና ወጥታ ወደ ላይ አየች። «እማማ ኢክራም እምቢ አሉ እንዴ?»

«እንጃ» አለ። «አልሰማሁም።»

ሶልያና ተመልሳ ገባች።

በጋው ሥራውን ጀመረ። በኪሩቤል ቤት ከሰዓቱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ሕፃኑ ጠብቶ ይተኛል፣ ማኅደር ፊቷ ተመለሰ። በማዶ እማማ ኢክራም ያላቸውን ሁሉ ወደ ውጭ አወጡ። በምዕራቡ ግድግዳቸው ላይ ምስማር መትተው ሰሌን ሰቀሉ፤ በሰሌኖቹ መሃል ባለው ክፍተት አሮጌ ጋቢ፣ ከጋቢው በታች የባላቸውን የሥራ ካፖርት። ግድግዳው ሰው ተደግፎት የቆመ ይመስል ነበር።

ማታ ማታ ኪሩቤል እንደ ወጉ ሄዶ መዳፉን ያሳርፋል። ካፖርቱና ሰሌኑ በማይደርሱበት ቦታ ያለው ድንጋይ እጅ አያስቆይም።

«ግድግዳ እንዴት ዋለ፣ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ። የእናንተስ? ልጁስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደግ፣ ደግ።»

ከዚያ ይመለሳል። የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንዲት ቃል እንኳ የጎደለች የለችም። ኪሩቤል ግን እጁን ሱሪው ላይ እያሸ ነበር የሚመለሰው፤ ትኩሳቱን ሊያጠፋው እንደሚፈልግ ሰው።

አንድ ምሽት እማማ ኢክራም ራሳቸው መጡ። በክንዳቸው የተጠቀለለ ሰሌን ይዘዋል። አዲስ ነው፣ ከሰሌኖቻቸው ሁሉ ጥሩው።

«ይህን ከልጁ ጀርባ ሥር አንጥፉለት። ጨርቅ ያልበዋል፤ ሰሌን ንፋስ ያሳልፋል።»

«ኧረ እማማ፣ ምን በወጣዎት!» አለች ሶልያና። «እርስዎ ራስዎ እየፈለጉት!»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ?»

«አይሆንም፣ እማማ። አንቀበልም።»

«በሞቴ!» አሉ እማማ ኢክራም።

ሶልያና ተቀበለች። ሌላ ምን ታደርጋለች? እማማ ሕፃኑን አቅፈው፣ ግንባሩ ላይ ቢስሚላህ ብለው ተነፈሱበትና ሄዱ። በበራፉ ሲያልፉ ግድግዳውን ያዝ አድርገው ነበር።

በማግስቱ ንጋት ኪሩቤል ወደ ሥራው ሲወጣ የእሳቸውን ግድግዳ አየ። ከምስማሮቹ መሃል አንድ ባዶ ቦታ ተከፍቷል፤ የሰሌኑ ልክ ነው፤ ድንጋዩ ራቁቱን ቀርቷል። ቆም ብሎ አየውና ሄደ። በዚያ ቀን የሰፋውን ስፌት ፈትቶ እንደገና ሰፋው።

ጸሎቱም እምቢ አለው። በቀን ውስጥ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይደግም የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ሲደርስ የበደለውን ሰው ያስሳል፤ የበደለው ሰው አጥቶ ይቆማል። ሌላውን፣ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለውን፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚያልፈው፤ በማዶ የሚሰማ ሰው እንዳለ ሁሉ።

ከዚያ የእማማ ኢክራም መልስ ራቀ። «ግድግዳ እንዴት ዋለ?» ሲላቸው «አልሐምዱሊላህ» የሚለው ከውስጥ፣ ከወለሉ አካባቢ ይመጣ ጀመር። አንድ ምሽት መልሱ ዘገየ። ኪሩቤል በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን ሲያስገባ የምሥራቁን ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እርጥብ ሻሽ ራሳቸው ላይ ጥለዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። አንድ ባዶ ጣሳ ከእግራቸው ሥር ተጋድሟል።

«እማማ!»

«ደህና ነኝ። ምድሩ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው። ልጁ ሰሌኑን ወደደው?»

«ወደደው።»

«ደግ።»

ውሃ ቀድቶ አጠጥቷቸው፣ ወደ ቤቱ ገባ። ያን ምሽት እራት አልበላም።

በማግስቱ በመዝጊያ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ክንፉ ከላይ ጥላውን ዘርግቶ፣ ሕፃኑ በሰሌኑ ላይ እጆቹን ወዲያና ወዲህ ጥሎ ተኝቶ ሳለ ኪሩቤል ተናገረ። ማንንም አላየም፤ የተናገረው ወደ ግድግዳው ነበር።

«እኔ ያን ጠዋት ሰምቻለሁ። እማማ ኢክራም እምቢ ሲሉ አጥሩ ሥር ነበርኩ። በሞቴ አላልኩም።»

ሶልያና ልብስ ስታጥፍ ነበር። እጇን አላቆመችም።

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ሰማሁህ» አለች። «እኔም ያን ጠዋት ሰምቻለሁ። ጓዳ ነበርኩ።» የሕፃኑን ልብስ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች። «ወጥቼ ‹እምቢ አሉ እንዴ?› ያልኩህ አንተ ምን እንደምትል ልሰማ ነው። ‹አልሰማሁም› ስትል... በቃ፣ ተገላገልኩ።»

ማኅደር ከአልጋው ላይ ቀና አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እኔም፣ አባዬ። አሁን ይላል፣ አሁን ይላል እያልኩ ጠበቅሁ። ከዚያ ሳልክ። ከዚያ ዝም ስትል ደስ አለኝ። እማማ ኢክራም እኮ ናቸው ተሸክመው ትምህርት ቤት ያደረሱኝ! ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊትህን ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ ለዚህ ነው።»

ሕፃኑ በእንቅልፉ ከንፈሩን አጣጣመ። እያንዳንዱ ለብቻው የደበቀው ነገር በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ አብሮ ከርሟል።

ኪሩቤል ተነስቶ ወደ በሩ ሄደና ወንፊቱን አናገረ። «ወይዘሪት፣ ጥላውን ለእማማ ኢክራም መልሺላቸው።»

«መመለስ ይቻላል። ክንፉ የሚዞረው ግን ተቀባይዋ ሲስማሙ ነው። አሁን ልጠይቃቸው?»

«እምቢ ቢሉስ?»

«አንዴ እምቢ ካሉ እስከሚመጣው በጋ ድረስ አላስቸግራቸውም።»

«ተዪ፣ አትጠይቂ!» አለች ማኅደር ከውስጥ። «አባዬ፣ እሷ ከጠየቀቻቸው አለቀልን። አራስ አለች ይሏታል፣ ‹እናመሰግናለን› ትላቸዋለች። አንተ ራስህ ሂድ።»

«ሲመሽ ይሄዳል» አለች ሶልያና።

ኪሩቤል ጥቂት አሰበ። «ሲመሽ ከሄድኩ ግድግዳ እንዴት ዋለ እላለሁ፣ አልሐምዱሊላህ ይሉኛል፣ እመለሳለሁ። አውቀዋለሁ ራሴን።» ነጠላውን ራሱ ላይ ጣል አደረገ። «አሁን ነው የምሄደው።»

በሩን ሲከፍት ብርሃኑ እንደ ጥፊ መታው። መንገዱ ባዶ ነበር። ክንፉ ከጣለው ጥላ ጫፍ እስከ እማማ ኢክራም በር ድረስ ያለው መሬት ነጭ ነበር፤ ከጥላው ሲወጣ ትከሻው ላይ ሰው እጁን የጫነበት ያህል ተሰማው። ከመስኮቶቹ ኋላ «ማነው እሱ? ኪሩቤል አይደለም? ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ ሰማ። ይበሉ። የመጣው ለመታየትም ጭምር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

አንኳኳ። ከውስጥ «ማነው በመዝጊያ?» የሚለው ድምፅ መጣ፤ ደክሟል፤ ግን አሁንም የጣቢያው ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ኪሩቤል።»

በሩ ገርበብ አለ። «ልጁ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው። ለእርስዎ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ፀሐይ ላይ ምን ትሠራለህ? ግባ!»

«ኧረ እዚሁ ይሻለኛል» አለ፤ አፉ ከእሱ ቀድሞ።

«እብድ ነህ እንዴ? በሞቴ ግባ!»

ገባ። ቤቱ ውስጥ ጥላ አለ ማለት አይቻልም፤ ጨለማ ግን ነበር። ሙቀቱ ከግድግዳው እየወጣ ፊት ላይ ያርፋል። እማማ ኢክራም ተመልሰው የምሥራቁ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ፤ ሻሻቸው ደርቆ ተንጨፍርሯል። ኪሩቤል ከፊታቸው ቁጢጥ አለ። የሚናገረውን በመንገድ ላይ አዘጋጅቶት ነበር፤ ከገባ በኋላ አንዱም አልተገኘም።

«እማማ፣ ያን ጠዋት...»

«ሳልህን ሰማሁ» አሉ።

አንገቱን ደፋ።

«ያቺን ሳል የማላውቃት መስሎህ ነው? አንተ ካልሳልክ እኔ መንጋቱን አላውቅም። አጥሩ ሥር እንዳለህ አወቅሁ።» ጣሳውን በጣታቸው አንከባለሉት። «በሞቴ ለማለት ጉሮሮህን የጠረግህ መሰለኝ። ጠበቅሁ። ያቺ ልጅ መልካም ቀን ብላኝ ከሄደችም በኋላ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁ፣ እንደ ሞኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አራስ እንዳለህ እኔም አውቃለሁ እኮ። መጥተህ ‹ዘንድሮስ ለእኛ ይሁን› ብትለኝ መርቄ እሰጥህ ነበር። እምቢ ያልኩትም ለዚያ ነው፣ ግማሹ። ግማሹ ደግሞ...» ተዉት። «ሰው በሞቴ ሲባል መስማት ይፈልጋል፣ ባይወስደውም።»

ኪሩቤል ግንባሩን ወደ መሬቱ አስጠጋ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ጠብ አለ። ቤቱ ውስጥ ያለው ግለት የእሱ ሥራ ነው፤ አሁን በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ነው፤ እሳቸው ግን ይህን አየር ቀን ከሌት ሲተነፍሱ ከርመዋል። ሰሌኑን ያወለቁት ከዚህ ግድግዳ ላይ ነው።

«እማማ፣ ክንፉን ይውሰዱት።»

«ልጁስ?»

«እኛ እንችለዋለን።»

«አንተና ሶልያና ትችሉታላችሁ። ልጁ አይችልም። አይሆንም፣ ኪሩቤል። እኔ እንደሆንኩ አሮጊት ነኝ፤ ምን ቀረኝ?»

«እንዲህ አይበሉኝ። ይውሰዱት።»

«እምቢ አልኩህ። ሂድ ወደ ቤትህ፣ ፀሐዩ ይጎዳሃል።»

ኪሩቤል ተነስቶ ወደ በሩ ወንፊት ሄደ። «ወይዘሪት!»

«አቤት፣ አቶ ኪሩቤል።»

«አሁን ጠይቂያቸው።»

«እማማ ኢክራም፣ ከአቶ ኪሩቤል የተመለሰውን የከሰዓት ጥላ ይወስዳሉ?»

«ኧረ ግድ...» ብለው ጀመሩና በዓይናቸው ኪሩቤልን ያዙት። «ግድ የለም» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ሐሳብዎን ለመቀየር ጥቂት ጊዜ አለዎት።»

«በሞቴ!» አለ ኪሩቤል። በአጥር ማዶ እንዳለ ሰው ጮኾ ነበር ያለው፤ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። መንገዱ ማዶ አንድ መስኮት ሲከፈት ተሰማ። «በሞቴ፣ እማማ! በማርያም! እሺ ይበሉኝ!»

እማማ ኢክራም ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ አንስተው ፊታቸውን ጠረጉ። ሲጠርጉ ቆዩ።

«አሁን ነው በሞቴ የምትለው?»

«ዘገየሁ።»

«ዘግይተሃል።» ከዚያ ወደ ወንፊቱ ዞር ብለው፣ ባቡር እንደሚጠሩበት ዘመን ቃሉን ጥርት አድርገው፣ «እሺ» አሉ። «ካለ ምን አደርጋለሁ።»

«እናመሰግናለን» አለች ወይዘሪት።

ምሰሶው ሲጢጥ አለ። ጥላው በመንገዱ ላይ ተንፏቆ መጣ፤ ካፖርቱን ነካው፣ ጋቢውን አለፈው፣ ሰሌን የተነሳበትን ባዶ ቦታ ሸፈነው። ቤቱ ወዲያው አልቀዘቀዘም፤ ግድግዳው የጠጣውን ሳያወጣ አይቀዘቅዝም። ግን በበሩ ስንጥቅ ይገባ የነበረው የብርሃን ስለት ከወለሉ ላይ ተነሳ።

በዚያው ጊዜ በኪሩቤል ቤት ግድግዳ ላይ ፀሐይዋ አረፈች። በዓይነ ሕሊናው አያት፤ ከሕፃኑ አልጋ በስተጀርባ ያለውን ድንጋይ ስትነካው።

«ልጁን አምጣው» አሉ እማማ ኢክራም።

«እ?»

«ማኅደርንና ልጁን። ዛሬ ማታ ግድግዳው ይበርዳል፤ ከነገ ጀምሮ ነው። መዝጊያ ሳይደወል ይምጡ፣ እዚህ ይዋሉ፣ ሌሊቱንም እዚሁ ይደሩ። የእኔ ቤት ለአንዲት አሮጊት ሰፊ ነው። ሰሌኑንም ይዘውት ይምጡ።»

ኪሩቤል አፉን ከፈተ። ኧረ እማማ፣ እርስዎን ማስቸገር፣ ሕፃን እኮ ያለቅሳል፣ ምን በወጣዎት፤ ሁሉም ተሰልፎ መጥቶ ከጥርሱ ኋላ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው መንገድ ነው። እሱ እምቢ ይላል፣ እሳቸው ይለምኑታል፣ እሱ እንደገና ይግደረደራል፤ ክብሩን እንደያዘ ይቀበላል። ሳይለመን የተቀበለ ሰው ምን እንደሚባል በቆላ ጣቢያ የማያውቅ የለም።

እማማ ኢክራም አዩት። በደረቀው ከንፈራቸው ጥግ ፈገግታ መሳይ ነገር መጣ።

«እኔ ደግሞ ዛሬ እንደ ወይዘሪት ነኝ» አሉት። «የምጠይቅህ አንዴ ነው።»

አባቱ ያን ቀን በረንዳው ላይ ምን ብለው እንደመለሱ አሁንም ትዝ አላለውም። ሊሞላውም አልሞከረም። ፊቱ ከቤቱ ሙቀት ይልቅ በሌላ ነገር ጋለ፤ ዓይኑን ከእሳቸው ዓይን ሊያሸሽ ፈልጎ ሳያሸሽ ቀረ።

«እሺ» አለ ኪሩቤል።